በእጄ የጻፍኩት እንቅልፍ

ይድረስ ለልጄ ለሐረግ፤

ያዋረደኝ ወንድምሽ ቢተው ነው። አንቺን ግን ባለሽበት አገር እመብርሃን በጥላዋ ታኑርሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ጤፉም ታጭዷል።

ቢተው የጭነት መኪና ከያዘ ወዲህ የነዳበትንና ያረፈበትን ሰዓት በየቀኑ መመዝገብ አለበት። እሱ ግን «እማዬ፣ ጽሕፈትሽ ከኔ ያምራል» እያለ፣ ለጉዞ ገና ሳይነሳ የሳምንቱን እረፍት ያስጽፈኛል። እኔም በስተርጅና በተማርኩት ፊደል እየኮራሁ ጻፍኩለት።

ማክሰኞ ወደ ከላላ ሲወርድ ሸለብ አድርጎት፣ ከገበያ የምትመለሰውን ጎረቤታችንን ፈንታዬን ገጭቶ እግሯን ሰበረ። ትራፊክ ፖሊሱ መዝገቡን ይዞ ደጄ መጣ።

«እማማ፣ ሰው በገጨበት ሰዓት ቤቱ ተኝቷል ይላል። የርስዎ ጽሕፈት ነው?»

«አዎ» ብዬ መሬት መሬቱን አየሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ይሰማል።

ፈንታዬን ልጠይቅ ብሄድ፣ «እንኳንም ፊደል አልቆጠርኩ» አለችኝ።

ፊደል ቁጠሪ ብለሽ የወተወትሽኝ አንቺ ነሽና አትዘኚብኝ። ለቢተው ስትደውዪ አስቀድመሽ መተኛቱን ጠይቂልኝ፤ አንቺን ይሰማል። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ክፉ አይይሽ። እኔ ከእንግዲህ በዓይኔ ያላየሁትን እንቅልፍ አልጽፍለትም።