እህቴ አላደገችም ያለው ኮምፒውተር

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን፤ ካፊያ። የተገኙት፦ ታናሽ እህቴ፣ እግር ሠሪው፣ የክፍልዎ የጥገና ባለሙያና እኔ።

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እግሮችዎስ? ሁለቱም እኩል እንደሆኑ ተስፋ በማድረግ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ።

እኔ በሰው ሠራሽ እግር መሥሪያው ልክ የምመዘግብ ሠራተኛ ነኝ። ታናሽ እህቴ የፊታችን እሑድ ትዳራለች፤ ምኞቷም ክራንቿን ጥላ በሁለት እግሯ ወደ ሙሽራው መሄድ ነው። በዚሁ ማክሰኞ ዕለት አዲሱ እግር ደርሶላት አጥልቃው ብትቆም ወደ ግራ ዘመመች። እግር ሠሪው ደንግጠው «ቀጥ በይ እንጂ የኔ ልጅ!» ቢሏት፣ «እኔማ ቀጥ ብያለሁ ጋሼ፣ ወለሉን ቀና ያድርጉልኝ» አለቻቸው። እግሩ የተሠራው በአሥራ አራት ዓመቷ በነበራት ልክ ኖሯል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ኮምፒውተሩ ታማኝነት። ባለሙያዎ እንዳስረዱን፣ ፋይሎቻችን የሚቀመጡት ሰርቨር በተባለው ትልቅ ማሽን ላይ ሲሆን የእኛ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ እየጠየቁ ያመጣሉ። እግር ሠሪው የእህቴን የድሮ ልክ ከፍተው ካዩ በኋላ እኔ በሌላ ኮምፒውተር አዲሱን ስመዘግብ፣ አሮጌው ፋይል ጠፍቶ ሌላ ተተካ። የእሳቸው ኮምፒውተር ግን ሰርቨሩ ለጠፋው ፋይል የሰጠውን መለያ ቁጥር ጨብጦ ቀረ። ሰርቨሩም «የያዝከው የለም» ብሎ በወጉ መልሶለት ነበር። የጎረቤቷን በር አንኳኩታ «ለቅቃ ሄዳለች» የተባለች ሴት የት እንደገባች ትጠይቃለች፤ የእኛ ኮምፒውተር ግን ተመልሶ «ደህና ናት፣ ሰላም ብላችኋለች» ይላል።

ሁለተኛ፣ ስለ ጸጥታው። ድሮ እንዲህ ሲሆን የስሕተት መልእክት ይወጣ ስለነበር ስልክ እየደወልን ዕረፍት እንነሳዎ ነበር። እርስዎም መልእክቱ ቀርቶ ኮምፒውተሩ ቀድሞ ያስቀረውን ቅጂ እንዲያሳይ አዘዙ። ስልክዎ አረፈ፤ እህቴ ዘመመች።

ሦስተኛው ምስጋና ለባለሙያዎ ይሁን። «የያዘውን ለቅቆ በስሙ እንደገና ይፈልግ፤ ካጣም አጣሁ ይበል» ብለው ቢመክሩዎ «ሰው አታስደንግጥ» እንዳሏቸው ሲያጫውቱን፣ እህቴ «እኔንስ ማን ያስደንግጥልኝ?» ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ጠዋት ያደረግኩት ይህ ነው፦ እህቴን አስቀምጬ በሜትር ለካኋት። ልኩን ጮክ ብዬ ሳነብ እግር ሠሪው ለሌላ እግር ባዘጋጁት እንጨት ላይ በጠመኔ ጻፉት፤ ቅዳሜ እንደሚያደርሱም ቃል ሰጡን። የኮምፒውተሩን ፊት ወደ ግድግዳ መለስኩት። አጭሩን እግር በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ በጠረጴዛዎ ላይ አቆምኩና ይህን ደብዳቤ አስደገፍኩት፤ ግልባጩንም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ።

የቀና ወለልና ያልተቋረጠ ጸጥታ እየተመኘሁልዎ፣
ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የልክ መዝጋቢዋና የሙሽራዋ እህት

ማስታወሻ፦ ከኃላፊነትዎ ሊነሡ ነው የሚለው ወሬ ከደረሰዎ ፈጽሞ አይጨነቁ። በእኛ ኮምፒውተር ላይ ዕድሜ ልክዎን ኃላፊ ነዎት።