አቶ ሮቤራ ሚደቅሳ፦ የክትባት ማቀዝቀዣዎችን አፍ ያስፈቱ ባለሙያ

አቶ ሮቤራ ሚደቅሳ ከአባታቸው ከአቶ ሚደቅሳ ገዳና ከእናታቸው ከወ/ሮ እንዳለች ጅማ ጥቅምት 12 ቀን 1951 ዓ.ም. በጊንጪ ተወለዱ። ስድስት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው አዲስ አበባ የጥበቃ ሥራ ስላገኙ ቤተሰቡ አብነት ሰፈር ገባ። ልጅነታቸውም ትምህርታቸውም እዚሁ ልደታ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ተምረው በ1971 ዓ.ም. በስልክ መሥሪያ ቤት የጥገና ባለሙያ ሆኑ፤ አርባ ዓመትም አገለገሉ። የሰፈሩ ሬዲዮ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ጠግነው ሲገጥሙ ግን አንድ ሁለት ብሎን እንደሚተርፋቸው ጎረቤት ሁሉ ይመሰክራል፤ ሬዲዮኑም ይሠራል።

በ1977 ዓ.ም. በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይሠሩ ከነበሩት ከወ/ሮ ወይንሀረግ ገብረየሱስ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሌንሳንና ኪያን ወልደዋል።

በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ዕረፍት አላማራቸውም። ከቀድሞ ባልደረባቸው ከአቶ እንድርያስ ጋሻው ጋር የክትባት ማቀዝቀዣ ሲሞቅ በኔትወርክ መልእክት የሚልክ አነስተኛ መሣሪያ ሠርተው ለጤና ጣቢያዎች አቀረቡ። በ2014 ዓ.ም. ግን የመሣሪያው አንጎል የነበረው ቺፕ ከገበያ ጠፋ። የተገኘው ሌላ ዓይነት ነው፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ጽፈው ለሁሉም ክፍት ያደረጉት የኔትወርክ ሶፍትዌርም ይህን ቺፕ አያውቀውም። አቶ እንድርያስ «ይቅርብን» አሉ። አቶ ሮቤራ ግን በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ሶፍትዌሩን መስመር በመስመር ለአዲሱ ቺፕ ያስማሙት ጀመር።

ከስምንት ወር በኋላ መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ ያለ እንከን ሠራ። አንድ ጤና ጣቢያ በተተከለ በሦስተኛው ቀን ግን ዝም አለ። ማቀዝቀዣው ሞቀ፤ ክትባቱ ተበላሸ። ሲስተር ናዝሬት የምትባል ነርስ ደርሳ ባታስተውል ለሕፃናት ይሰጥ ነበር። አቶ ሮቤራ በማግስቱ ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። ነርሷም፣ «አባባ፣ ዝም ሲል ደህና ነው ብለን ነው የተቀመጥነው» አለቻቸው። ይህ ቃል እህል ውኃ አላስቀምስ አላቸው። ከዚያ ወዲህ የሠሯቸው መሣሪያዎች በየሰዓቱ «ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ይህ ከቀረ ስልክ ይጮኻል።

የመጀመሪያው ዝምታ መፍትሔ ግን ገና አልተገኘም ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ለባለቤታቸው እንዲህ ሲሉ አማረሩ፦ «ቺፑ ለፍጥነት ሲል የመልእክቱን ቅጂ አጠገቡ ይይዝና እዚያው ላይ ያርማል። ላኪው ክፍል የሚያነበው ግን ዋናውን ነው፤ ስለዚህ ያልታረመውን ይልካል፤ ኔትወርኩም አይቀበለውም።» ወ/ሮ ወይንሀረግ ሳቁ። «እኛ ዘንድ እርማቱ ዋናው መዝገብ ላይ ሳይሰፍር መዝገቡ ለማንም አይወጣም። ያንተ መዝገብ ቤት ኃላፊ የለውም?» አቶ ሮቤራ ምሳቸውን ትተው ተነሡ። ከመላኩ በፊት እርማቱ ወደ ዋናው እንዲገለበጥ የሚያዝዙ አራት መስመሮች ጨመሩ፤ መሣሪያውም ዳግመኛ ዝም አላለም።

ሥራውን ለራሳቸው አላስቀሩትም፤ ማንም እንዲጠቀምበት ሶፍትዌሩን ለጻፉት በጎ ፈቃደኞች መልሰው ላኩት። ከነዚያ አራት መስመሮች በላይ «ይህን መፍትሔ ያገኘችው ወይንሀረግ ናት» ብለው ጽፈዋል፤ ዛሬም እዚያው አለ።

ባለፈው ዓመት የጉበት ሕመም ጸንቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ከማያውቁት የሞዛምቢክ ባለሙያ የምስጋና ደብዳቤ ሲነበብላቸው የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ «ታዲያ እዚያ ይሠራል?» እንደሚሠራ ሲነገራቸው ፈገግ አሉ። ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም በልደታ ማርያም ይፈጸማል።

አቶ ሮቤራ የአርባ ዓመት ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

የደከሙለትን የማይረሳ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለወ/ሮ ወይንሀረግም ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።