የስድስት ሰው አንድ እጅ

ለክቡር የፊርማ ማጣሪያ ክፍል ኃላፊ፣
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? እኛ ከሚያፈሰው ጣሪያችን በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለእርስዎ ሙሉ ጤና እንዲሰጥልን፣ አዲሱን የፊርማ መመርመሪያ መሣሪያዎንም ከመብራት መጥፋት እንዲሰውርልን በየቅዳሴው እንለምናለን።

እኔ ከአንኮበር ቁልቁል ያለችው ደብር የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ፣ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ነኝ። ለጣሪያችን የተለገሰው ቆርቆሮ በመሥሪያ ቤትዎ መጋዘን ተቀምጧል፤ የሚለቀቀውም ሰባቱ የጉባኤው አባላት የፈረሙበት ቃለ ጉባኤ ሲቀርብ ነው ተባልን። ፈርመን አቀረብን። መሣሪያዎም ከሰባቱ ስድስቱን «የአንድ ሰው እጅ፤ ሐሰተኛ» ብሎ መለሰልን። ስለ ፈጣኑ ምላሽ ከልብ እያመሰገንሁ፣ ቅሬታችንን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሐቁን ለመናገር መሣሪያው ጨርሶ አልተሳሳተም። ስድስታችንም ጽሕፈት የተማርነው ነፍሳቸውን ይማርና ከየኔታ ወልደኪዳን ነው። የኔታ እጃችንን በእጃቸው ይዘው ነበር የሚያስጽፉን፤ የ«ለ»ን እግር ያጣመመ አርጩሜ ይቀምሳል። ስለዚህ ስማችን ለየቅል ቢሆንም አጻጻፋችን የእርሳቸው ነው። ፊርማችንም እንደ ከተማ ሰው ጭረት ሳይሆን ሙሉ ስማችን ነው፤ መጨረሻው ላይ መስቀል አለው። እናቴ እንኳ የእኔን ደብዳቤ ከስድስታችን አንዱ ከሆኑት ከቄስ ኃይለ ገብርኤል ደብዳቤ ለይታ አታውቅም ነበር። አገር የሚያደንቀው ጽሕፈታችን ወንጀል መሆኑን በስተርጅና ስላስተማሩን እግዚአብሔር ይስጥልን።

፪ኛ. በአካል ቀርባችሁ ፈርሙ ተባልንና ስድስት ሽማግሌዎች በሚኒባስ ተጠቅጥቀን መጣን። የክፍልዎ ሠራተኛ ወይዘሪት ዮርዳኖስ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ናት፣ ቀለም በሌለው ብዕር መስታወት ላይ ተራ በተራ አስፈረመችን። መሣሪያው አሁንም አንድ ሰው ናችሁ አለ። ልጅቱ እኛን አየች፣ መሣሪያውን አየች፣ ደግማ እኛን አየች። በመጨረሻም አንገቷን ደፍታ፣ «አባቶቼ፣ እኔ አምናችኋለሁ፤ ሲስተሙ ግን አይቀበልም» አለችን። ምሳ የበላንበት ቤት ባለቤት ግን ያለ ምንም መሣሪያ ስድስት መሆናችንን ቆጥሮ አስከፈለን። ክቡርነትዎ ይህን ግሩም መሣሪያ አንድ ቀን ለእርሱ ቢያውሱልን ውለታዎን አንረሳም።

፫ኛ. ክረምቱ ፊርማችን እስኪጣራ አልታገሠንም። ለታቦቱ ክብር የተሠራው የጥልፍ ጃንጥላ ዛሬ በቅዳሴ መካከል ዝናብ መከላከያ ሆኗል። የኔታ በእጃቸው የጻፉት ዳዊትም ውሃ ገብቶበት ቀለሙ መልቀቅ ጀምሯል። እዚህ ላይ ቀልዱ ይጠፋብኛል። ክቡር ሆይ፣ አዝኛለሁ፤ ተናድጃለሁም። ያ እጅ ከብራናው ላይ እየታጠበ ሳለ እርስዎ ሐሰተኛ ይሉታል።

ሌላም ብዙ ነበረን፤ ነገር ግን የኃላፊ ጊዜ ውድ መሆኑን ደጅዎን ስንጠና ተረድተናል። ቆርቆሯችንን እንዲለቁልን እየተማጸንሁ፣ ጣሪያዎ የማያፈስ፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ ፊርማዎም የማይጠረጠር ያድርግልዎ እላለሁ።

ስድስት ሆነን ሳለን እንደ አንድ የተቆጠርን፣ ታዛዥ አገልጋዮችዎ፤
ስለ ሁላችንም መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ✝

ማስታወሻ፦ መሣሪያዎ «እውነተኛ» ብሎ ያለፈው ሰባተኛው ፊርማ የአቶ ብርሃነ መስቀል ነው። አቶ ብርሃነ መስቀል በዚያ ቀን ደብረ ሲና ገበያ ወርደው ስለ ነበር የፈረሙላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ሠናይት ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ጽሕፈት የተማሩት ከየኔታ ሳይሆን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። መንገዱን ስላሳዩን እናመሰግናለን። ስድስታችንም ብዕሩን ለሚስቶቻችን አስረክበናል፤ የሚቀጥለው ቃለ ጉባኤ ያለ አንዳች ጥርጥር እውነተኛ ይሆናል።