በልጅቷ ክፍል ያለፈው ሐዲድ

ለምሳሳልሽ እህት ዓለሜ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ናፍቆቴ ይድረስሽ። ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? እኛ፣ ተመስገን፣ ደህና ነን።

ትንሿ ባቡሬ ሰሞኑን ዋሻዋን አልፋ ወጣች። እንደምታውቂው፣ እንደ እኔ ቤታቸው ውስጥ ትንንሽ ባቡር ከሚሠሩት ወዳጆቼ ጋር የየዕለቱን ሥራችንን ፎቶ በስልክ እንላላካለን። ከእነሱ አንዱ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ "አንተ ሰው፣ እጅህ ይባረክ!" ብሎ ጻፈልኝ። ሮጬ የማሳየው ሰው ግን ቤት ውስጥ አልነበረም።

ባለቤቴ ልጅቷን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄዳለች። ለጥቂት ቀን ነው። የልጅቷን የትምህርት ቤት ቦርሳና የብርድ ልብሶቿንም ወስዳለች፤ እዚያ ሳይበርድ አይቀርም። የሄዱ ዕለት በሩ ላይ ቆማ "እንግዲህ እኛ ሄድን" አለችኝ። እኔ የድልድዩን ምሰሶ እያጣበቅኩ ነበርና "ትንሽ ታገሺኝ፣ ሙጫው ይድረቅ" አልኳት። ቀና ስል በሩ ተዘግቷል።

ቤቱ ሰፋብኝ። እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ የልጅቷን አልጋ ግድግዳው ላይ አቆምኩና ሐዲዱን እስከ ክፍሏ ድረስ ዘረጋሁት። ወዳጆቼ ፎቶውን አይተው "ይህን ሁሉ ቦታ ከየት አመጣኸው?" አሉኝ። "ቤቱን አስተካክለን ነው" ብዬ መለስኩ። "አስተካክለን" ያልኩትን መልሼ ሳነበው ፊቴ ጋለ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ፎቶ አልላክሁም።

ዛሬ ጠዋት ሐዲዱን ነቀልኩት።

እህት ዓለሜ፣ አንቺ ስትደውዪ ባለቤቴ ስልኩን ታነሳለች። እግረ መንገድሽን፣ የልጅቷ አልጋ ተነጥፏል በያት።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ታናሽ ወንድምሽ