የቀንድ እጀታ ያለው ቢላ

ማርች 2
ከሥራ ወጥቼ ወርክሾፕ። ፊንስበሪ ፓርክ፣ ከባቡሩ ድልድይ ሥር። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ላፈጠጠ ሰው እሳትና መዶሻ መድኃኒት ነው። የአጋዘኑ ቀንድ በፖስታ ደርሷል። እጅ ውስጥ ግጥም ይላል። የአደን ቢላ እጀታ ይሆናል... ለማን እንደሆነም አውቃለሁ። የፍቅረኛዬ የብሩክታዊት አባት፣ ጋሽ ዘውዴ፣ በወጣትነታቸው አዳኝ ነበሩ። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት በእጄ የሠራሁትን ልስጣቸው።

ማርች 9
የጋለውን ስለት ዘይት ውስጥ ነከርኩት። ጭሱ አስለቀሰኝ። አልተሰነጠቀም፣ ተመስገን።

ማርች 15
አክስቴ አስካለማርያም ከአገር ቤት ደወለች። ቢላውን በቪዲዮ አሳየኋት። ሳቀች።
"እጅህ የአያትህ እጅ ነው። እሱም ቀጥቃጭ ነበር እኮ።"
አባባ ለምን አልነገረኝም?
"ለሰው እንዳታወራ ደግሞ" አለች። ምን ያስደብቃል? እኔ እንደሆንኩ በኩራት ልፈነዳ ነው።

ማርች 22
ቀንዱን በሳሁት። ሽታው የተቃጠለ ፀጉር። ሙጫ ሞልቼ የስለቱን ጅራት አስገባሁ። እስኪደርቅ አልነካውም ብዬ... ነካሁት።

ማርች 29
ብሪክስተን፣ እነ ብሩክታዊት ቤት። ቢላው በሳጥን፣ ሳጥኑ በፎጣ፣ ፎጣው በቦርሳ። ባቡር ላይ ፖሊስ ቢያስቆመኝ ምን ልል ነበር? ለአማቴ?
ጋሽ ዘውዴ ስለቱን በአውራ ጣታቸው ሞከሩት። ደስ አላቸው።
"ከየት ገዛኸው?"
"ራሴ ነኝ የሠራሁት። በዘር ነው ጋሼ፣ አያቴም ቀጥቃጭ ነበሩ።"
ምነው ምላሴን በቆረጠው።
እናቷ፣ እትዬ አልታየሽ፣ ተነስተው ኪችን ገቡ። አልተመለሱም። ጋሽ ዘውዴ ቢላውን ሳጥኑ ውስጥ መልሰው ክዳኑን ገጠሙ።
"ውሰደው ልጄ። እዚህ አገር ቢላ ቤት ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም።"
ብሩክታዊት በር ድረስ ሸኘችኝ። "ምን ሆኑ?" ትለኛለች። እኔስ ምን አውቄ?

ማርች 30
ለአባባ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።
"ይህን ሁሉ ዘመን ደብቄው..." አልጋው ላይ ተቀመጠ። "ቡዳ ይሉናል። በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ይሉናል። ይህን እየሰማሁ ነው ያደግኩት።"
እዚህም? ለንደን? በዚህ ዘመን?
ከነጫማው ተኛ።

ኤፕሪል 6
ሽማግሌ እንዳይመጣ ተባለ። እትዬ አልታየሽ ናቸው የደወሉት። "ትምህርቷን ትጨርስ።" ከተመረቀች እኮ ቆየች።

ኤፕሪል 11
ምንም። ከአልጋ አልወረድኩም።

ኤፕሪል 19
ብሩክታዊት ደወለች። አለቀሰች። "እማዬ ተሳስታለች፣ ኢትስ ክሬዚ። እኔ እንደዚህ ዓይነት ነገር አላምንም። ብቻችንንም ቢሆን እንጋባለን።"
ትንሽ ተስፋ አደረግኩ። ባላደርግ ይሻል ነበር?

ኤፕሪል 26
ሆሎዌይ ሮድ፣ ካፌ። ቀድማኝ ደርሳ ፓስታ አዛለች። ጉንጬን ሳመችኝ። ቤት ስለመከራየት፣ ካውንስል ሄደን ስለመፈራረም አወራን። ቆንጆ ሆናለች... ከስታለች ግን።
ሜኑውን አይቼ ቀና ስል ሳህኗን በሶፍት ሸፍናዋለች። እጇንም ከላይ አድርጋበታለች።
ያወቀችው አይመስለኝም። ወሬዋን አላቋረጠችም፣ እየሳቀችም ነበር።
አልራበኝም አልኳት። ፓስታው እየቀዘቀዘ ነው። ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞርኩላት፣ እንድትበላ።