ቤንዚን ለሸተተው ወተታችን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ኦቦ ባጫ
የሰፈራችን ወተት አቅራቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ሱሉልታ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ላሞችዎና የልጅዎ ባል ኢብሳ እንደምን ሰነበታችሁ? ጤና ይስጥልኝ። እኔማ ምን ልደብቅዎ፣ ከደስታዬ ብዛት እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

የማኅበሩን ወተት በኤሌክትሪክ ሞተሬ አዲስ አበባ ካፌዎች የማደርሰውን እኔን በሁዳዴ ማለቂያ አንስተው፣ እንጀራዬን ለኢብሳና ለቤንዚን ሞተሩ ስለሰጡልኝ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሞተሬን በስብሰባ ፊት «የሕፃን መጫወቻ» ብለዋታል። እውነትዎን ነው፤ መብራት ከጠፋ ቆማ ትውላለች፣ የእንጦጦን ዳገት ጭነት ይዛ ስትወጣ ታቃስታለች፣ ባትሪዋ ያረጀ ቀን ሌላ ሞተር እንደመግዛት ነው፣ ድምፅ ስለሌላትም አህያ መንገድ አይለቅላትም። አህዮቹን ግን እኔው እጮህባቸዋለሁ፤ ጩኸት እንደማያንሰኝ እርስዎም ያውቃሉ።

፪ኛ. የኢብሳ ሞተር ድምፅ ግርማ አለው ብለዋል። ማደያው በር ላይ ጠፍቶ ተሰልፎ ስለሚያድር ግርማውን ለመስማት አልታደልኩም እንጂ፣ ቤቴ ሶኬት ላይ ሰክቼ ያሳደርኳትን ሞተሬን እየነዳሁ ሳልፍ «ኢብሳ፣ አካም ቡልቴ? እንዴት አደርክ?» ማለቴን አንድም ጠዋት አላስታጎልኩም።

፫ኛ. ይህ ብልህ ልጅ ሰልፉ ሲያንገሸግሸው ከጥቁር ገበያ ቤንዚን በወተት ጄሪካን ገዛ፤ ጄሪካኑንም በውኃ ለቅለቅ አድርጎ፣ በፋሲካ ማግስት፣ ከተማው ሁሉ ወተት በተጠማበት ዕለት፣ የእኛን ወተት ቀዳበት። ማኪያቶው አጠገብ ሲጋራ መለኮስ አስፈራን ያሉት የካፌ ደንበኞች ናቸው፣ እኔ አይደለሁም። ወተቱ ቦይ ውስጥ ሲደፋ ውሻ እንኳ አሽትቶ ዞር አለ። ካፌዎቹም ከእንግዲህ በአረጋሽ እጅ ካልመጣ ወተታችሁን አናይም ብለዋል።

ስለዚህ የፊታችን እሑድ፣ እኔን ባዋረዱበት በዚያው ስብሰባ ፊት ተነሥተው «ሥራዋን መልሱላት» እንዲሉልኝ በትሕትና እለምናለሁ። መቆም ከከበደዎ ኢብሳ ይደግፍዎ፤ መቆም ለምዷል።

ይህን በወተት መረከቢያው በር ላይ የለጠፍኩት፣ ለክብርዎ ስል ከፍ አድርጌ፣
አክባሪዎ አረጋሽ ተድላ

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ አዴ ኡርጂ የቤታችሁን ወተት ከትናንት ጀምሮ በጓሮ በር ለእኔ እያስረከቡኝ ነው። ለእርስዎ እንዳልነግር በማርያም ስላስማሉኝ፣ እባክዎ እዚህ ሲደርሱ ማንበብዎን ያቁሙ።