ለሲሳይ ያጨበጨቡለት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5፤ ከልምምድ መልስ

ዛሬም ለሲሳይ ተጨበጨበለት። ደብተሬ፣ ደሜ ፈላ። ቴአትሩን የጻፍኩት እኔ፣ የሚያሳየው የቀበሌያችን የኪነት ቡድን። በቴአትሩ ውስጥ ሲሳይ ሾፌር ነው፤ ሦስት ቦታ ብቻ ብቅ ይላል። ከቆቃ ዓሣ ጭኖ ይመጣል፣ ልጅቱን ያስቃል፣ ሽማግሌ ይልካል፣ ያስረግዛል፣ ይጠፋል። ዋናዋ እሷ ናት። እሷ ስታለቅስ ልምምድ ሊያይ የመጣው ሁሉ ያዛጋል፤ እሱ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል ሲያደርግ ሴቱ ይፍነከነካል። ምን ዓይነት ተመልካች ነው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

የቀበሌው ሊ/መንበር አስጠራኝ። ጓድ፣ ሾፌር ላብ አደር ነው፣ ላብ አደር ሴት አያታልልም አለኝ። ሲሳይ የባላባት ልጅ ይሁን፣ መልኩም ይክፋ፤ አለዚያ ቴአትሩ ለቀበሌው በዓል አይቀርብም።

ውሸት። እህቴን ወይንሸትን ያታለላት የማን ባላባት ልጅ ነው? ሾፌር ነበር። ሽማግሌ እንኳ ልኳል፤ ጋቢ የለበሱ ሦስት ትልልቅ ሰዎች። አባባ ሽበታቸውን አይተው፣ ልጁን ከየት ታውቁታላችሁ ብለው ለመጠየቅ አፈሩ። ለካ ሰዎቹ የቢሾፍቱ ናቸው። መንገድ ላይ ጭኗቸው፣ ዘመድ የለኝም፣ አባት ሁኑኝ ብሎ ለምኗቸው ኖሯል። እነሱንም አታሏል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ግን ሲሳይ ለምን አይከፋ? ይክፋ። የባላባት ልጅ ይሁን፣ ጥርሱ ይውለቅ፣ ይንተባተብ። ጽፌ ሰጠሁ። እስቲ አሁን ያጨብጭቡለት።

እሑድ፣ ኅዳር 10

ወይንሸት ልጇን አዝላ ልምምዱን አየች። ቤት እንደገባን እንዲህ አለችኝ፦

«እትዬ፣ እኔ በዚህ ዓይነቱ ነው የተታለልኩት? ሰው ጅል ይለኛል እኮ። አባባንም። ሲስቅ ደስ ይል ነበር፤ እንደነበረ ጻፊው። ለቅሶዬን ቀንሺው ይልቅ።»

እንዲህ ተቆጥታ አታውቅም።

ሰኞ፣ ኅዳር 11፤ ት/ቤት ከመሄዴ በፊት

ሲሳይን ወደ ሾፌርነቱ መለስኩት። ኮቱንም፣ ሳቁንም ሰጠሁት። ያጨብጭቡለት፣ አልከለክልም።

መጨረሻውን ግን ቀየርኩ። እሱ ከጠፋ በኋላ የላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች ተመልሰው ይመጣሉ። ልጅቱ አታለቅስም፤ ወንበር ትሰጣቸዋለች። አይቀመጡም። ወደ ሕዝቡ ዞረው ይጠይቃሉ፦ የላከን ልጅ የት ገባ? እናንተማ ታውቁታላችሁ፤ ስታጨበጭቡለት ሰምተናል።

ከት/ቤት መልስ ሊ/መንበሩ ዘንድ እገባለሁ። ይህን አልወድም ካለ ቴአትሬን ይዤ እወጣለሁ፤ የሚመጣው ይምጣ።